ቬንትሌተሩን የነቀልኩ ቀን

የምሠራው ጣሊያን ነው፣ ፒየሞንቴ ውስጥ። ከአልባ ከተማ ወጣ ብሎ ላንጌ የሚባል የኮረብታ አገር አለ። እዚያ አንድ ቤተሰብ ጋ ወይን እለቅማለሁ፣ ጠጁም ሲጣል አግዛለሁ። ወይኑን የተከሉት አያትየው ናቸው። አሁን ጠጁን የሚጥለው ልጃቸው ነው። የልጅ ልጃቸው ደግሞ ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ከእኔ ጋር እኩል ይሠራል። ሴት አያቱን ሁላችንም ኖና እንላቸዋለን።

ይህን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አመንትቻለሁ። ግን በየዓመቱ ለለቀማ የሚመጡ የአገር ልጆች አሉ። አንዳንዶቹ ስልክ ደውለው «ሥራው ከባድ ነው ወይ?» ይሉኛል። ከባድነቱን ወገባቸው ይነግራቸዋል። ማንም የማይነግራቸው ሌላ ነገር ነው።

እዚህ ለቀማ ቬንደሚያ ይባላል። ሁሉም ወይን አንድ ቀን አይደርስም። ዶልቼቶ የሚባለው ይቀድማል። እኛ አገር ደመራ ሲለኮስ እኔ ባርቤራ ስለቅም ነው የማሳልፈው። መጨረሻ ላይ፣ ኦክቶበር ከገባ በኋላ፣ ኔቢዮሎ ይመጣል። ስሙን ከጉም ጋር ያያይዙታል፤ ጉም በጣሊያንኛ ኔቢያ ነው። እውነትም በዚያ ሰሞን ጠዋት ስትወጣ ሸለቆው ሁሉ በጉም ተሞልቶ የኮረብታው ጫፍ ብቻ ነው የሚታየው። ባሮሎ የሚባለው ውድ ጠጅ የሚሠራው ከዚህ ወይን ብቻ ነው። ገበያ የሚወጣውም ከለቀማው ዓመት ኖቬምበር 1 ጀምሮ ተቆጥሮ ቢያንስ 38 ወር ካደረ በኋላ ነው፤ ከዚያ ውስጥ 18ቱን ወር እንጨት በርሜል ውስጥ ያሳልፋል። ስለዚህ ኔቢዮሎ ሲለቀም ሰው ይጠነቀቃል። ዘለላውን በግራ እጅህ ትደግፋለህ፣ በመቀስ ትቆርጣለህ፣ የሻገተውን ፍሬ ታወጣለህ፣ ቀስ አድርገህ ሳጥን ውስጥ ታስቀምጣለህ። ሃያ ኪሎ ገደማ ሲሞላ ሌላ ሳጥን። ከሰዓት ላይ ጣቶችህ በስኳር እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ንቡም ተርቡም ይከተልሃል።

ወይኑ ላይ እንዲህ እንጠነቀቃለን። ምድር ቤት ስንወርድ ግን ያ ጥንቃቄ ደጅ ይቀር ነበር።

ካንቲናው፣ ማለትም ጠጁ የሚጣልበት ቤት፣ ግማሹ መሬት ውስጥ ነው። በቁልቁለት መንገድ ተወርዶ በትልቅ የእንጨት በር ይገባል። በዚያ ሳምንት ባርቤራው መፍላቱን ጨርሶ ነበር። ከሥሩ ጠጁ ተቀድቶ ወደ ሌላ ታንከር ተላልፏል። ታንከሩ ውስጥ የቀረው ልጣጩና ፍሬው ነው፣ ቪናቻ ይሉታል። የጠጅ አተላ በለው። እሱም አይጣልም፤ ግራፓ የሚባለውን አረቄ ለሚያወጡ ይሄዳል። ግን በአካፋ ተዝቆ መውጣት አለበት። ለዚህ ታንከሩ ከታች፣ ከጉልበት ከፍታ ላይ፣ ሰው ተጣጥፎ የሚያልፍባት ትንሽ በር አለችው።

አጠገቡ ደግሞ ሦስት ታንከር ኔቢዮሎ እየፈላ ነበር። ጆሮህን ብታስጠጋ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲያካፋ የሚመስል ድምፅ ትሰማለህ። ያ ድምፅ ጋዝ ነው። እርሾው ስኳሩን ሲበላ ግማሽ ያህሉን አልኮል ያደርገዋል፣ ግማሽ ያህሉን ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ከአንድ ሊትር የወይን ጭማቂ ከ50 ሊትር በላይ ጋዝ ይወጣል። አንዱ ታንከር ብቻ 4000 ሊትር ጭማቂ ይዞ ነበር፤ ይህ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ200,000 ሊትር በላይ ጋዝ ማለት ነው። ጋዙ ደግሞ ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ስለሚከብድ ወደ ላይ አይወጣም። እንደ ውሃ ወደ ታች ይፈሳል። ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ጉድጓድ ካገኘ ጉድጓድ ይሞላል፣ የተከፈተ ታንከር ካገኘ ታንከር ይሞላል። አይታይም።

ይህን ሁሉ ያን ቀን አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። ግማሹን አውቅ ነበር። ለዚህም ነው ጠዋት የታንከሩን የላይኛውን ክዳን ከፍተን፣ ታችኛው በር ላይ ትልቅ ቬንትሌተር ገትረን የሄድነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ዝናብ መጥቶ ነበርና አባትየው የቀረውን ኔቢዮሎ ለማዳን ለቃሚዎቹን ይዞ ማሳ ላይ ነው። ካንቲናው ውስጥ እኔና ልጁ ብቻ ነን። ኔቢዮሎው በቀን ሁለት ጊዜ ከሥሩ ተስቦ ከላይ መልሶ መፍሰስ አለበት፤ ካልሆነ ከላይ የሚንሳፈፈው ልጣጭ ይደርቃል። ሰዓቱ ደረሰ። ፓምፑን አምጥቼ ሶኬት ፈለግኩ። በዚያ በኩል ያለችው አንዲት ሶኬት ናት። እሷን ቬንትሌተሩ ይዟታል።

ነቀልኩት። ፓምፑን ሰካሁ። «ሃያ ደቂቃ ነው» አልኩ ለራሴ። ከዚያ ትንኞች በላይኛው ክዳን ሲርመሰመሱ አይቼ መሰላል ላይ ወጥቼ ክዳኑንም ገጠምኩት። ጠጅ እንዳይበላሽ ማሰቤ ነው። ባዶ ታንከር ውስጥ የሚበላሽ ጠጅ የለም። እጄ የለመደውን ሠራ።

ልጁ ቪናቻውን ከበሩ ሆኖ ሲዝቅ ቆይቷል። በረጅም ሜንጦ እየጎተተ፣ በአካፋ እያወጣ። ከኋላ ግድግዳው ጋ የተጣበቀው አልመጣ አለው። «ሁለት ደቂቃ» አለኝና አካፋውን አስቀድሞ ወደ ውስጥ ገባ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ የፓምፑን ጎማ እያጠበቅኩ ነበር። አካፋው ብረት ሲፍቅ እሰማለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ቆመ።

ፓምፑ ስለሚጮህ መጀመሪያ ልብ አላልኩም። ስሙን ጠራሁ። መልስ የለም። ዞር ስል የግንባሩ ባትሪ ብርሃን ታንከሩ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ ቀርቷል፣ አይንቀሳቀስም።

ሮጬ ጎንበስ አልኩና ጭንቅላቴን በበሩ አስገባሁ። አምቦ ውሃ ከፍታችሁ ወዲያው አፍንጫችሁን ብታስጠጉ የሚወጋችሁ ነገር አለ አይደል? እሱ ነው፣ ግን መቶ እጥፍ። ዓይኔን አቃጠለኝ። ልጁ በሆዱ ተኝቷል፣ እግሮቹ ወደ እኔ ናቸው። አንድ ክንድ ተኩል ያህል ነው የሚርቀኝ። ደረቴን አስገባሁ። አንድ እግሬንም አነሳሁ። ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው «ልጁን ላውጣ» የሚል ብቻ ነው።

ከኋላዬ ቀበቶዬን የያዘኝ እጅ ግን አልለቀቀኝም። ኖና ናቸው። መክሰስ ይዘው እየወረዱ ነበር። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ እድሜ ልካቸውን ሳጥን የተሸከሙ ሴት ናቸው። ወደ ኋላ ጎትተው ወለሉ ላይ ጣሉኝ። «አንተ አትገባም! ሜንጦውን አምጣ!» አሉ። ጩኸታቸው እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። እኔ ስነሳ እሳቸው ፓምፑን ነቅለው ቬንትሌተሩን ሰኩት፣ ከዚያ ትልቁን በር ሊከፍቱ ሄዱ።

ቀና ብዬ አየር ሳብኩ። ትንፋሼን ያዝኩ። ሜንጦውን አስገብቼ ቦት ጫማውን ያዝኩትና በሙሉ ኃይሌ ሳብኩ። ጫማው ባዶውን ወጣ። እጄ ላይ ያለው ባዶ ጫማ፣ ውስጡ ደግሞ አንድ ቀይ የወይን ልጣጭ ተለጥፎበት። ያንን አልረሳም። ሄጄ እንደገና ተነፈስኩ። ሁለተኛ ጊዜ የሱሪውን ጫፍ ያዘልኝ። መጣ። ቁርጭምጭሚቱ እጄ ገባ። ኖና ተመልሰው አንዱን እግር ያዙ፣ እኔ አንዱን፣ ወጣ። ወለሉ ላይ አላቆየነውም፤ ወለሉም ያው ነው። በቁልቁለቱ መንገድ እየጎተትን ዝናቡ ውስጥ አወጣነው።

ከንፈሩ ወደ ሰማያዊ ሄዷል። ኖና ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ስሙን ይጠራሉ፣ እኔ 112 ደውዬ አድራሻ እናገራለሁ፣ ጣሊያንኛዬ ሁሉ ጠፍቶኛል። ከዚያ ሳለ። አስመለሰው። ዓይኑን ገለጠና «አካፋው የት ነው?» አለ። ኖና ያኔ ነው መሬት ላይ ተቀምጠው ያለቀሱት። አምቡላንሱ ኦክስጅን ሰጥቶ ይዞት ሄደ፣ አንድ ሌሊት ሆስፒታል አድሮ ተመለሰ።

አባትየው ከማሳ ሲደርስ ሶኬቱን የነቀልኩት እኔ መሆኔን ነገርኩት። ሌላ ሰው ከሚነግረው እኔ ልንገረው ብዬ ነው። ዝም ብሎ ሶኬቷን አያት። «አንድ ሶኬት ብቻ ያስተከልኩት እኔ ነኝ» አለ። ሌላ ነገር አልተነጋገርንም። ሰኞ ዕለት ኤሌክትሪሻኑ መጣ።

ማታ ኩሽና ውስጥ ኖና አንድ ነገር ነገሩኝ። የመንደሩ መቃብር ላይ የሁለት ወንድማማቾች ድንጋይ አለ፤ ስማቸው ሁለት ነው፣ የሞቱበት ቀን አንድ። ታናሽየው ጋዝ ያለበት ጋን ውስጥ ወደቀ፣ ታላቅየው ሊያወጣው ገባ። እሳቸው ያን ጊዜ ልጅ ነበሩ። ለዚህ ነው የእኔን ቀበቶ የያዙት። እንዲህ ባለ አደጋ ላይ ሁለተኛውም ሰው የሚሞተው ስለሚወድ ነው፤ ስለሚሮጥ ነው። ጋዙ አስር በመቶ ከደረሰ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ይስታል፤ ከዚያ ከበዛ ጥቂት ትንፋሽ ይበቃል። ሮጦ የገባውም የሚስበው ያንኑ አየር ነው።

እንቅልፍ አልወሰደኝም። እናቴ ጋ ደወልኩና ታሪኩን ነገርኳት። እኛ የጨርጨር ሰዎች ነን፣ ሐረርጌ። እዚያ ማሽላ የሚቀመጠው መሬት ውስጥ ነው። ጉድጓዱ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው፤ በእንጨት፣ በድንጋይና በጭቃ ይደፈናል። አያቴ ጉድጓድ ሲያስከፍት ትዝ ይለኛል። ሕፃን አይቀርብም። ተከፍቶ «ይተንፍስ» ተብሎ ያድራል። በማግስቱ የሚወርደው ሰው ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰራል። ከላይ ሁለት ሰው ገመዱን ይይዛል። አያቴ ደግሞ አፉ ላይ ቁጭ ብለው ያናግሩታል። ስለ ከብት፣ ስለ ሚስቱ፣ ስለምንም ነገር። ዝም ካለ ይሳባል። ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እናቴ እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ «ገመድ አላሰራችሁትም?» አለችኝ።

ምን ልበላት። የእህሉ ጉድጓድና ያ የሚያብረቀርቅ ታንከር አንድ ነገር መሆናቸው አልታየኝም ነበር። ማሽላውም እዚያ ታፍኖ ሲተነፍስ የሚያወጣው ይህንኑ ጋዝ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ በዓይኔ ያየሁትን እውቀት የአገር ቤት ነገር ነው ብዬ እዚያው ትቼው መጥቼ ነበር። የጣሊያን ሕግም ቢሆን ያው አያቴ የሚሉትን ነው የሚለው። እንዲህ ያሉ ዝግ ቦታዎች ውስጥ ለሚሠራ ሰው ራሱን የቻለ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቷል። ሥልጠና ይኑር፣ አየሩ ይለካ፣ ውጭ ሰው ይቁም ይላል። ወረቀቱ ቢሮ ውስጥ ነበር።

አሁን ካንቲናው ውስጥ አራት ሶኬት አለ፣ የቬንትሌተሩ ቀይ ቀለም ተቀብቷል፣ ማንም አይነካውም። ቀበቶ ላይ የሚንጠለጠል የጋዝ መለኪያ ተገዝቷል። ጋዙ ግማሽ በመቶ ሲደርስ ይጮኻል። ቀድሞ ሽማግሌዎቹ ሻማ ይዘው ይገቡ ነበር፤ ሻማው የሚጠፋው ግን ሰውየው ከተጎዳ በኋላ ነው፣ እሱን አትመኑ። ቪናቻ አሁን ከውጭ ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ረጅም ሜንጦ አሠርተናል። ለለቀማ የምትሄዱ ልጆች፣ አለቃችሁ ማንም ይሁን፣ እነዚህን ሳታዩ ታንከር ውስጥ ጭንቅላታችሁን አታስገቡ። ወንድማችሁ ወድቆ ብታዩት እንኳን። ከውጭ ሳቡት፣ በር ክፈቱ፣ ጩኹ፣ 112 ደውሉ።

ባለፈው ዓመት የአንዱን ታንከር ውስጠኛ ግድግዳ ለማጠብ የግድ ሰው መግባት ነበረበት። ሥልጠናውን ሁለታችንም ወስደናል። ቬንትሌተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አደረ። መለኪያውን በእንጨት ጫፍ አስረን አስገባን፣ ዝም አለ። ልጁ ልግባ አለኝ። መታጠቂያውን አጥብቄ ገመዱን ራሴ ቋጠርኩለት፣ ሁለት ጊዜ ስቤ አየሁት። ምን እያወራ እንደሚቆይ ሲጠይቀኝ ቁጥር አስተማርኩት፣ በአማርኛ፣ እስከ ሃያ።

ኖና ወንበር አስመጥተው በሩ ጋ ተቀመጡ። ከውስጥ የውሃው ድምፅና የእሱ ድምፅ አብረው ይመጣሉ። «አራት… አምስት… ሲዲስት…» ይላል። «ስድስት» እላለሁ፣ ገመዱን እንደያዝኩ። «ስድስት» ይላል።