የሦስት አገሮችን መገናኛ ብዙኃን ከደሴ ሆኜ ስመዝን የገጠመኝ

የኢትዮጵያን፣ የኬንያንና የኤርትራን መገናኛ ብዙኃን ጤንነትና ነጻነት የሚያነጻጽር ጥናት ስጀምር፣ መመሪያ የሚያውሰኝ እንጂ ሥራው የት ላይ እንደሚሰናከል የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

ሰነድ መሰብሰቡ አያስቸግርም። የእኛን የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013፣ የኬንያን የ2010 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34ን እና ድንበር የለሽ የጋዜጠኞች ቡድን የሚያወጣውን የ180 አገሮች የፕሬስ ነጻነት ደረጃ ሰንጠረዥ ማንም አግኝቶ ያነባል። ሆኖም ቡድኑ በ2022 እ.ኤ.አ. የአሰላል ዘዴውን ስለቀየረ፣ ኢትዮጵያ በ2020 ከነበረችበት 99ኛ በ2022 ወደ 114ኛ «ወረደች» ብሎ መደምደም በሁለት ዓይነት ቁና የተሰፈረን ጤፍ ማወዳደር ነው። የአዳዲስ እስሮች ቁጥርም ብቻውን ያሳስታል፤ ኤርትራ በመስከረም 2001 እ.ኤ.አ. የግል ጋዜጦችን ዘግታ ጋዜጠኞቻቸውን ስላሰረች፣ ከዚያ ወዲህ አዲስ የሚታሰር የግል ጋዜጣ ባልደረባ በአገሩ አልቀረም።

እስከ ዛሬ የሚያበሽቀኝ የነጥብ አሰጣጡ ጉዳይ ነው። ዘዴውን የወሰድኩት ከአፍሪካ የመገናኛ ብዙኃን ባሮሜትር ሲሆን፣ በዚያ አሠራር ከመገናኛ ብዙኃንና ከሲቪል ማኅበረሰብ የተውጣጡ ሰዎች በአንድ መለኪያ ላይ ከተወያዩ በኋላ እያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 5 በምስጢር ነጥብ ይሰጣሉ። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከወልድያ ጋዜጠኞችን፣ ጠበቆችንና መምህራንን ጋበዝኩ። አዳራሽ የጠየቅኩት መሥሪያ ቤት ግን ተወካዩ ካልተቀመጠ አልፈቅድም አለ። ተወካዩም ከፊት ወንበር ተቀምጠው የእያንዳንዱን ተናጋሪ ስም በማስታወሻ ደብተራቸው ይጽፉ ጀመር። በዋዜማው ፒያሳ ቡና ስንጠጣ፣ ስለ ውኃ እጥረት የሠራው ዘገባ በአንድ ስልክ ጥሪ እንደቀረበት ያጫወተኝ የሬዲዮ ጋዜጠኛ፣ የአርታኢዎች ነጻነት ላይ ስንደርስ ተነሥቶ «አንዳንድ ክፍተቶች ቢኖሩም አበረታች ነው» ብሎ ተቀመጠ። ይህ አንሶ ተወካዩ የነጥብ ወረቀቱ ላይ ሁሉም ስሙን እንዲጽፍ አዘዙ፤ ምክንያታቸው አበል የሚከፈለው በስም ነው የሚል ነበር። «ጋሼ፣ ይህ እኮ ምስጢራዊ ነው» ብላቸው፣ «አብሽር ልጄ፣ እኛ ዘንድ የሚደበቅ ነገር የለም» አሉኝ። ወረቀቶቹ ሲሰበሰቡ ከሞላ ጎደል ሁሉም 4 ነበሩ።

ያንን ውጤት ሙሉ በሙሉ ጣልኩት። ከዚያ በኋላ እነዚያኑ ሰዎች አንድ በአንድ በየቤታቸውና በየሻይ ቤቱ አግኝቼ ስጠይቅ፣ ለዚያው ጥያቄ ብዙዎቹ 1 እና 2 ሰጡ። መመሪያው መጀመሪያ ተወያዩ፣ ከዚያ ነጥብ ስጡ ይላል፤ እኔ ግን በእኛ አካባቢ ነጥቡ ከውይይቱ በፊት፣ ለብቻ፣ ያለ አዳራሽና ያለ አበል መዝገብ ይሰብሰብ እላለሁ። ውይይቱ ከዚያ በኋላ ቢካሄድ ቢያንስ ማን በአደባባይ ሐሳቡን እንደቀየረ ያሳያል፤ ይህም ራሱ መረጃ ነው።

ከነጥቡ ይልቅ ብዙ ያስተማረኝ የገንዘብ ምንጩ ነው። እዚህ አንድ ጽሕፈት ቤት ከኤፍኤም ጣቢያ የአየር ሰዓት ይገዛና በዚያው ሰዓት ስለ ራሱ ሥራ ያስነግራል፤ በማግስቱ ጣቢያው ያንኑ ጽሕፈት ቤት እንዴት ሊጠይቅ ይችላል? ኬንያም ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመንግሥት ማስታወቂያ በአንድ ኤጀንሲ በኩል እንዲሠራጭ ስላደረገች፣ የግል ጋዜጦቿ የመንግሥትን ፊት እያዩ ይኖራሉ። ስለዚህ ለፖለቲካና ለኢኮኖሚ መለኪያዎች ለየብቻ ነጥብ መስጠት፣ የታወቁት ሰንጠረዦች ቢያደርጉትም፣ አያሳምነኝም።

ለአየር ሰዓት የወጣውን ገንዘብ ለማወቅ መረጃ የማግኘት መብትን በሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት በጽሑፍ አመለከትኩ። አዋጁ መልስ በ30 ቀን ውስጥ ይሰጥ ይላል፤ ጽሕፈት ቤቱ ግን ከበላይ አካል ደብዳቤ አምጣ አለኝ፣ ደብዳቤውን ሳመጣም ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። እንዲህ ያለውን ክፍተት በአማካይ ሙላው ያሉኝ ነበሩ፤ አልሞላሁትም። በሠንጠረዡ ሳጥን ውስጥ «ተጠይቆ የተከለከለ» ብዬ ጽፌ፣ ማመልከቻውን ማኅተም ካረፈበት ቅጂ ጋር በአባሪነት አያያዝኩት።