«ቲቸር፣ ጉሮሮ ውስጥ ማን ይቀቅላቸዋል?»

የግሪፊዝን ሙከራ ማስተማር ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ፍሬድሪክ ግሪፊዝ የሳንባ ምች የሚያመጣውን ኒሞኮከስ የተባለ ባክቴሪያ በሙቀት ገደለ። ሽፋን ከሌለውና ከማይገድለው ሕያው ዘመዱ ጋር ቀላቅሎ አይጥ ወጋበት፤ አይጧ ሞተች። በ1944 እነ ኦስዋልድ ኤቨሪ ከሞተው ወደ ሕያው ተሻግሮ ገዳይ ያደረገው ዲኤንኤ መሆኑን አሳዩ። ደሴ ላይ የማስተምራቸው የ12ኛ ክፍል ልጆች ይህን ሸምድደውታል። አንዷ ግን እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሰው ጉሮሮ ውስጥ ማን ነው የሚቀቅላቸው?»

ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። መልሱ፦ ራሳቸው ናቸው የሚገዳደሉት፤ ያውም ዘመድ ከዘመድ።

ኒሞኮከስን ክፍል ውስጥ ማራባት አይቻልም። ስለዚህ ልጆቹን ባክቴሪያ አደረግኳቸው። ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ ገፋን። ሁሉም በሁለት ጣቱ ቀስ ብሎ ያጨበጭባል፤ ይህ ባክቴሪያው ወደ ውጭ የሚለቀው ባለ 17 አሚኖ አሲድ ፔፕታይድ (አጭር የፕሮቲን ቁራጭ) ነው። ተራርቀው ሲቆሙ አይሰማም። ሲጠጋጉ ጎላ። የሰማ ሁሉ መጀመሪያ ጃኬቱን ራሱ ላይ ይደርባል (ደሴ ነውና ጃኬት ያልያዘ የለም)። ይህ ኮምኤም የሚባለው ተከላካይ ፕሮቲን ነው። ሲቢፒዲ የተባለው የሴል ግድግዳ ቆራጭ የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው። ጆሯቸውን በጥጥ የደፈኑት ጃኬት አልደረቡም፤ ተራ በተራ «ፈነዱ»።

ከፈነዳው እጅ በስቴፕለር የተያያዘ ጥንድ የወረቀት ክር ይወድቃል። ያነሳው ልጅ አንዱን ክር ቀዶ ይጥላል፤ ዲኤንኤው ወደ ውስጥ የሚዘልቀው በአንድ ክር ብቻ ነውና። ከዚያ ራሱ ወረቀት ላይ ተመሳሳይ ፊደል የተጻፈበትን ቦታ ፈልጎ ይተካዋል። እዚህ ላይ ሆን ብዬ ቆየሁ። ለአንዳንዶቹ ፊደሉ ጭራሽ የማይመሳሰል ወረቀት ሰጥቼ ነበር፤ ቢያዞሩት ቢገለብጡት የሚገጥምበት አጡ። ዘመድ ለምን እንደሚፈለግ ሳልናገር ገባቸው።

አንዱ «ዲኤንኤው ለምግብ አይሆንም?» አለኝ። ተመራማሪዎችም የሚከራከሩበት ነገር ነው አልኩት፤ ደስ አለው።

አሁን ትምህርቱን የምጀምረው በልጅቷ ጥያቄ ነው፤ ግሪፊዝ በኋላ ይመጣል። የፕሮቲኖቹንም ስም ሰሌዳ ላይ አልጽፍም። ከጻፍኩ ይሸመድዱታል፣ ጨዋታውም እዚያው ያበቃል። መጨረሻ ላይ የማነሳው ፔኒሲሊንን ነው። መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ኒሞኮከሶች የሴል ግድግዳ በሚሠሩላቸው ጂኖች ውስጥ የስትሬፕቶኮከስ ማይቲስ ዲኤንኤ ቁርጥራጭ ተገኝቷል። ማይቲስ ደግሞ አፋችን ውስጥ ያለ ጣጣ የሚኖር ዘመዳቸው ነው።