በቢሄቪየራል ኒውሮሳይንስ ፒኤችዲ ለምትጀምሩ፦ መጀመሪያ ክፍሉን ፈትሹ

በቢሄቪየራል ኒውሮሳይንስ፣ ማለትም አንጎልንና ባሕርይን አብሮ በሚያጠናው ሙያ፣ ፒኤችዲ ልጀምር ስል ብዙ ሰው መከረኝ። ስለ አማካሪ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ እንቅልፍ ሳይቀር። ስለ ክፍሉ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። ክፍል የምለው አይጦቹ የሚኖሩበትንና የሚፈተኑበትን ነው። አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ከዕድሜዬ ላይ ብዙ ወራት አይባክኑም ነበር።

ሌላው ሌላው በአጭሩ ይለቅ። ማመልከቻው ትራንስክሪፕት፣ የድጋፍ ደብዳቤና ምን መመራመር እንደምትፈልጉ የሚገልጽ ጽሑፍ ነው። ኮርሱ ይከብዳል፣ ግን ይወጡታል። ትልቁን ፈተና ከጓደኞቼ ጋር አጥንቼ አለፍኩ። የእንስሳት ሥነ ምግባር ኮሚቴው ፕሮቶኮሌን፣ ማለትም የሙከራ ዕቅዴን፣ ደጋግሞ መለሰብኝ። ብዙ ተማሪ በዚህ ይማረራል፣ እኔ ግን ኮሚቴውን አመሰግናለሁ። ራስልና በርች የተባሉ ሳይንቲስቶች በ1959 ያስቀመጧቸው ሦስት መርሖች አሉ፤ ከተቻለ እንስሳን በሌላ ዘዴ መተካት፣ ካልተቻለ ቁጥሩን መቀነስ፣ ሥቃዩንም ማቃለል። በእነዚህ የማያምን ሰው ይህ ሙያ ባይገባ ይሻላል።

ጥናቴ በፍርሃት ትውስታ ላይ ነበር። የምንጠቀመው ትልልቁን የላብ (የላቦራቶሪ) አይጥ ነው። አይጧ ሳጥን ውስጥ ትገባለች፣ አንድ ድምፅ ትሰማለች፣ ድምፁ ሊያበቃ ሲል እግሯ ሥር ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ይመጣል። በማግስቱ ሌላ ሳጥን ውስጥ ያንኑ ድምፅ ስትሰማ ከፍርሃት የተነሳ ሳትንቀሳቀስ ድርቅ ትላለች። እኛ የምንለካው የደረቀችበትን ጊዜ ነው። አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል በዚህ ፍርሃት ውስጥ ያለው ድርሻ በደንብ ተጠንቷል፤ የኒውሮሳይንቲስቱ የጆሴፍ ለዱ ሥራዎች እዚህ ላይ ሁሌም ይነሳሉ። እኔን የያዘኝ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ድምፁ ያለ ንዝረት ሲደጋገም ፍርሃቱ ይበርዳል። ከጊዜ በኋላ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ለምን ይመለሳል? ከአደጋ ወይም ከጦርነት በኋላ ፍርሃት አልለቅ ላላቸው ሰዎች ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው። ዛሬም እወደዋለሁ።

የመጀመሪያው ዙር ውጤት ያማረ ነበር። ከዚያ የእንስሳት ማቆያው ታደሰ፣ የመፈተኛ ክፍሎቹም መብራት አብሮ ተቀየረ። ለእኛ የደረሰን ማስታወቂያ አንድ መስመር ነው፤ «ኃይል ቆጣቢ መብራት ተገጥሟል»።

ከዚያ ወዲህ አይጦቹ ድምፁ ሳይመጣ መድረቅ ጀመሩ። ንዝረት ቀምሰው የማያውቁት፣ ለማነጻጸሪያ የያዝናቸው የኮንትሮል አይጦች ሳይቀሩ ሳጥኑ ውስጥ እንደገቡ ጥግ ይዘው ድርቅ ይላሉ። ይህ ማለት ሥራው ቆመ ማለት ነው። ቀድሞውኑ የደረቀን እንስሳ ድምፁ አደረቀው ማለት አይቻልም።

የምናውቀውን ሁሉ ፈተሽን። የንዝረቱን መጠን ለካን። ሳጥኑን የምናጸዳበትን ፈሳሽ ቀየርን። ከማክጊል ዩኒቨርሲቲ በ2014 የወጣ ጥናት የወንድ ተመራማሪ ጠረን ብቻውን አይጦችን እንደሚያስጨንቅ አሳይቷል፤ ስለዚህ ወንዶቹም ሴቶቹም እየተፈራረቅን ሞከርን። ለውጥ የለም።

ጥርጣሬዬ መብራቱ ላይ ነበር። የማቆያው ኃላፊ ቢሮ ሄጄ ነገርኩት።

«ድምፅ የለም። ለክተናል» አለኝና አንድ ወረቀት አወጣ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር እውነት ነው። መለኪያው ግን ለሰው ጆሮ የተሠራ ነው። የድምፅ ቅጥነት በኪሎኸርትዝ ይለካል፤ ሰው የሚሰማው ቢበዛ እስከ 20 ኪሎኸርትዝ ድረስ ነው። እነዚህ አይጦች እስከ 80 ኪሎኸርትዝ ገደማ ይሰማሉ። ሲደሰቱ 50 ኪሎኸርትዝ አካባቢ ይጮኻሉ፤ አደጋ ሲያዩ ደግሞ 22 ኪሎኸርትዝ አካባቢ። ይህን ሁሉ እኛ አንሰማም። አስረዳሁት። «በስታንዳርዱ መሠረት ነው የተለካው» አለኝና ወረቀቱን ወደ ፋይሉ መለሰ። ይህን ዓረፍተ ነገር ከዚያ በኋላ ከስንት ሰው አፍ እንደሰማሁት!

አማካሪዬ ጥሩ ሰው ናት፣ ግን እሷም ያኔ አልተዋጠላትም። ድምፁ ከመምጣቱ በፊት ያለውን መድረቅ በስታቲስቲክስ ቀንሰን እንቀጥል አለች። አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ኮሚቴዬ አባል ደግሞ የአይጦቹን ቁጥር ጨምር አሉኝ። እምቢ አልኩ። በተበላሸ ክፍል ውስጥ ብዙ አይጥ መጨመር ብዙ አይጥ ማባከን ነው። በዚያ እምቢታዬ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

ያዳነኝ ጎረቤት ላብ ያለ ልጅ ነው። የሌሊት ወፍ ያጠናል። የእሱ መቅጃ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ስክሪን ላይ ያሳያል። አንድ ምሽት ክፍሉ ውስጥ ገብተን ከፈትነው። ከ20 ኪሎኸርትዝ ትንሽ ከፍ ብሎ የማያቋርጥ ወፍራም መስመር ታየ። ከአይጦቹ የማስጠንቀቂያ ጩኸት ብዙም አይርቅም። መብራቱን አጠፋነው። መስመሩ ጠፋ። አበራነው። ተመለሰ። ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ ቃል አልወጣንም። እንስሳቱ መብራቱ በበራ ቁጥር ከዚህ ጋር ነው የሚኖሩት።

አሁን አለቀ ብዬ ነበር። ቅጂውን ይዤ ቢሮ ስሄድ መሣሪያው በተቋሙ ያልተመዘገበ ስለሆነ ማስረጃ አይሆንም ተባልኩ። ቅጽ ሙላ አሉኝ፣ ሞላሁ። ቅጹ ወደ ጥገና ሄደ። ጥገና የግዢ ጉዳይ ነው አለ። ግዢ ደግሞ መብራቱ ገና ዋስትና ላይ ስለሆነ የደኅንነት ክፍል ይፈርም አለ። የደኅንነት ክፍል ለሰው ጉዳት የለውም ብሎ መለሰው። ለሰው ጉዳት አለው ያለ ማንም የለም። እኔ ደጋግሜ የጻፍኩት ስለ እንስሳቱና ስለ ውጤቱ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን አይጦቹ ዕድሜያቸው አለፈ። የጥናቱ ዕቅድ የተወሰነ ዕድሜ ይጠይቃል። ምንም ዕውቀት ሳይገኝባቸው ፕሮቶኮሉ እንደሚያዘው ሕይወታቸው እንዲያልፍ ተደረገ። የእኔ ወራትስ ይሁን። እነሱን ሳስብ ግን ዛሬም ያንገበግበኛል።

በመጨረሻ መብራቱ ተቀየረ። የተቀየረው ግን በእኔ ቅጽ አይደለም። እዚያው ማቆያ የሚሠራ፣ ትልቅ የምርምር ገንዘብ ያለው ላብ ውጤቱ ተበላሸበትና ደወለ። የእኔ ደብዳቤ ለወራት የተንከራተተበትን ጉዳይ የእነሱ አንድ ስልክ በቀናት ጨረሰው። መብራቱ በተቀየረ ማግስት አይጦቹ ሳጥኑ ውስጥ መንጎራደድና ማሽተት ጀመሩ።

እንግዲህ ምክሬ። ላብ ስትመርጡ ሁሉም የአማካሪውን ስም እዩ ይላችኋል። እኔ ማቆያውን አስጎብኙኝ በሉ እላለሁ። ካላስጎበኟችሁ ምክንያቱን ጠይቁ። የማታው ብርሃን በበሩ ሥር ይገባል ወይ? አጠገቡ ግንባታ አለ ወይ? ጎጆውን የሚቀይረው ሰው በስንት ሰዓት ይመጣል? አይጥ የሌሊት እንስሳ ስለሆነ ጨለማዋ ላይ የሚገባ ብርሃን ቀላል ነገር አይደለም። ጎጆ የሚቀይሩትን ሠራተኞች በስማቸው እወቋቸው። ከየትኛውም ሪፖርት በፊት ችግር የሚያዩት እነሱ ናቸው። የእኛን አይጦች መደንገጥ መጀመሪያ ያየችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ የጠየቃት ግን አልነበረም።

መመሪያው መረጃውን ሰብስባችሁ ሳትጨርሱ አትዩ ይላል። የቡድን ልዩነትን በተመለከተ ትክክል ነው፣ አትዩ። ድምፁ ከመምጣቱ በፊት ያለውን ባሕርይ ግን የትኛው ከየትኛው ቡድን እንደሆነ ሳትለዩ በየምሽቱ እዩት። እኔ እንዲህ ባላደርግ ኖሮ ችግሩን የማገኘው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነበር።

ይህ የአንድ ማቆያ ጣጣ ነው የሚል ካለ በ1999 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣውን የክራብና የባልደረቦቹን ጥናት ያንብብ። ሦስት ላቦች በዘር አንድ ዓይነት የሆኑ አይጦችን ወሰዱ። መሣሪያውን፣ ፈተናውን፣ ሰዓቱን ሳይቀር አመሳሰሉ። እንዲያም ሆኖ በአንዳንድ ፈተናዎች ውጤታቸው ተለያየ። ክፍሉ ራሱ የሙከራው አካል ነው። በጽሑፎቻችን ግን ስለ ክፍሉ የምንጽፈው ሙቀቱንና የመብራቱን ሰዓት ብቻ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፌ አራተኛ ምዕራፍ ስለዚህ ድምፅ ነው። አውጣው፣ የሳይንስ ጥያቄ አይደለም ያሉኝ ነበሩ። አላወጣሁትም። የመመረቂያ ፈተናው ላይ ረጅሙ ውይይት የተደረገው በእሱ ላይ ነው። ከውጭ የመጡት ፈታኝ ወደ ላባቸው ሲመለሱ የራሳቸውን ክፍል እንደሚያስለኩ ነገሩኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የማቆያ ጉዳይ በቃል አትነጋገሩ። ኮሪደር ላይ ብታወሩም ቢሮ ገብታችሁ «ዛሬ እንደተነጋገርነው» ብላችሁ ኢሜይል ላኩ። የጊዜ ማራዘሚያ ስጠይቅ ቅጹ ላይ ከሕመምና ከወሊድ ሌላ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም። ማራዘሚያውን ያስገኘልኝ እነዚያን ኢሜይሎች በቀን ቅደም ተከተል አትሜ ማያያዜ ነው። ከጠየቅሁት ያነሰ ወራት ሰጡኝ፣ ግን በቃኝ።