ወደ ኋላ ሲነበብ የሚጠፋው ዳታ

«የቅርብ ጊዜ ግብይቶችን አሳየኝ» ሲባል፣ ማለትም ዳታው ከመጨረሻው ወደ ኋላ ሲነበብ፣ አንዳንዴ ባዶ ዝርዝር ይመጣል። ኤረር የለም፣ ሎጉም ንጹሕ ነው። ያንኑ ዳታ ከትንሽ ወደ ትልቅ ስንጠይቅ ግን አንድም ሳይጎድል ይመጣል። እንዲህ ያለ ባግ በጣም ያሳስበኛል። ሰርቨር ሲወድቅ ሁሉም ያውቃል፤ ዳታው እያለ «የለም» የሚል ዳታቤዝን ግን ማን ያምነዋል?

ዳታቤዙ ቁልፎቹን (እያንዳንዱ መዝገብ የሚፈለግባቸውን መለያዎች) በቅደም ተከተል ደርድሮ ሻርድ በሚባሉ ክፍሎች ይከፋፍላቸዋል፤ ሻርዶቹ በተለያዩ ሰርቨሮች ላይ ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ሻርድ መነሻውን ይይዛል፣ መጨረሻውን አይይዝም። የመጀመሪያው ከ1 እስከ 500 ከሆነ 500 ራሱ የሁለተኛው ነው ማለት ነው። የጥያቄው ወሰንም በዚሁ ሕግ ይሠራል።

አሁን «ከ300 እስከ 500፣ ከመጨረሻው ጀምረህ ወደ ኋላ» እንበለው። ኮዱ በቅድሚያ 500 የማን እንደሆነ ይጠይቃል። የሁለተኛው ሻርድ ነው። እዚያ ሄዶ ከ500 በታች ይፈልጋል፣ ምንም አያገኝም። ክላየንቱም (ጥያቄውን የላከው ፕሮግራም) ባዶ መልስ ሲደርሰው አልቋል ብሎ ያቆማል። የተፈለገው ሁሉ ግን የመጀመሪያው ሻርድ ላይ ቁጭ ብሏል። ችግሩ አልፎ አልፎ ብቻ የሚታየው የጥያቄው ጫፍና የሻርዱ ድንበር ልክ ሲገጥሙ ስለሆነ ነው።

ከ500 ላይ 1 ቀንሶ መፈለግ ያዋጣ ይመስላል። እውነተኛ ቁልፍ ግን ርዝመቱ ያልተወሰነ የባይት ሰንሰለት ነው። ከአንድ ቁልፍ ቀጥሎ የሚመጣውን ለማግኘት መጨረሻው ላይ ዜሮ ባይት መጨመር ይበቃል። ልክ ከሱ በፊት ያለውን ግን አብዛኛውን ጊዜ ማግኘት አይቻልም፤ የትኛውንም ብትመርጡ በመሃል ሌላ ቁልፍ ይገባል። ስለዚህ ቁልፉን ሳልነካ ፍለጋውን ቀየርኩ። ወደ ኋላ ሲነበብ፣ መነሻቸው ከጥያቄው ጫፍ ከሚያንስ ሻርዶች የመጨረሻው ይመረጣል። «ያንሳል ወይም እኩል ነው» ይል የነበረው ማነጻጸሪያ «ያንሳል» ብቻ ሆነ።

ሻርዱ ውስጥም ያው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሮክስዲቢ በተባለው የዳታ ማከማቻ ላይብረሪ ላይ «ሲክፎርፕሬቭ» የሚባለው የፍለጋ ትእዛዝ ቁልፉን ራሱን ወይም ከሱ በፊት ያለውን ይሰጣል። ጫፉ የማይካተት ከሆነ፣ እኩል ሲገጥም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለት የግድ ነው።

የቀረው በንባብ መሃል አንድ ሻርድ ለሁለት ሲከፈል የሚፈጠረው ነው። የትኛው ሻርድ የት እንዳለ የሚያሳየው፣ ክላየንቱ ካሽ ያደረገው (ለራሱ ያስቀመጠው) ካርታ ያረጃል። አሁን ሰርቨሩ የትኛው ቁልፍ ድረስ እንዳነበበ ይናገራል፤ ክላየንቱ ያንን ቀጣይ ጫፍ አድርጎ ይይዛል። ባዶ መልስ ስለመጣ ብቻ አያቆምም፤ የጥያቄው መነሻ ላይ መድረስ አለበት።

ቴስቱ ላይ ብዙ ደከምኩ። ኤችቤዝ የተባለውን ዳታቤዝ ብናይ አንድ ሪጅን (እዚያ ሻርድ የሚጠራበት ስም) በነባሪው እስከ 10 ጊጋባይት ሊያድግ ይችላል፤ እንዲህ ባለ ስፋት ድንበር ላይ የሚወድቅ ጥያቄ ብርቅ ነው። ስለዚህ ሁለት ሦስት ቁልፍ ብቻ የሚይዙ ሻርዶች ሠርቼ በእያንዳንዱ ድንበር ላይ በሁለቱም አቅጣጫ አስነበብኩ፤ አንዱ ውጤት ሲገለበጥ ከሌላው ጋር እኩል ካልሆነ ቴስቱ ይወድቃል። በንባቡ መሃልም ሻርዶቹን በዘፈቀደ እከፍላለሁ። የዘፈቀደው መነሻ ቁጥር ይመዘገባል፤ ቴስቱ ሲወድቅ ያንኑ አከፋፈል ደግሞ ማስኬድ ይቻላል።