የኢምፕላንት ጥናቶችን ስመዝን የሳትኩት ነጥብ 9

የመመረቂያ ጽሑፌን ባሕር ዳር ሆኜ የሠራሁት በጥርስ ኢምፕላንት (መንጋጋ አጥንት ውስጥ በሚተከል ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) ሙከራዎች ላይ ነው። የጠየቅኩት ተመራማሪዎቹ የሠሩትን በትክክል ጽፈዋል ወይ ብዬ ነበር። ጽሑፎቹን ፈለግኩ፣ የተደጋገሙትን አስወገድኩ፣ ሰንጠረዥ ሠራሁ። መመዘኛዬ እ.ኤ.አ. የ2010ሩ ኮንሰርት ነበር፤ በዕጣ የተመደበ ሙከራ ሲጻፍ ምን ምን መገለጽ እንዳለበት የሚዘረዝር መመሪያ ነው፤ 25 ነጥብ አለው። እስከዚህ ሰላም ነበር።

ጉዱ የመጣው ነጥብ 9 ላይ ነው። «ታካሚዎቹ በዕጣ ተመደቡ» የሚል ባየሁ ቁጥር 8ንም 9ንም «ተሟልቷል» ብዬ ሞላሁ። አማካሪዬን ብጠይቃቸው «በዕጣ ካሉ በዕጣ ነው፣ ቀጥል» አሉኝ። ቀጠልኩ። ዛሬም ያናድደኛል፤ በእሳቸውም በራሴም።

የነቃሁት ደብረ ማርቆስ፣ እናቴ ቤት ዕቁብ ሲወጣ ነው። ስሞቹን በእኩል ወረቀት ጽፋ ጠቅልላ ጣሳ ውስጥ ነቀነቀቻቸው። የአንዱ ጫፍ ተገልጦ ፊደል ታየ። ሴቶቹ ባንዴ «ይሄማ ዕጣ አይደለም!» አሉ። ሁሉም እንደገና ተጠቀለለ። እኔ ቡናውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

ነጥብ 8 ዕጣው እንዴት እንደተዘጋጀ ይጠይቃል። ነጥብ 9 ግን ሌላ ነው፤ ቀጣዩን ዕጣ ሐኪሙ ቀድሞ እንዳያውቅ ምን ተደረገ? ኢምፕላንቱ እንደተተከለ ጥርሱን ወዲያው መግጠምን ወራት ከመጠበቅ ጋር የሚያወዳድር ሙከራ አስቡ። ሐኪሙ ድዱን ከፍቶ አጥንቱ ስስ መሆኑን ያያል። ቀጣዩ ዕጣ «ወዲያው ግጠም» እንደሚል ካወቀ ያንን ታካሚ ከጥናቱ ሊያስቀረው ይችላል። እንዲህ እንዲህ እያለ ደህና አጥንት ያላቸው አንድ ወገን ይሰበሰባሉ። ስለዚህ እንዲህ ባለ ሙከራ ዕጣው ያለበት የታሸገ ፖስታ መከፈት ያለበት ኢምፕላንቱ አጥንት ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ካነበብኳቸው ብዙዎቹ ስለ ፖስታ ትንፍሽ አላሉም። ያልተጻፈ ሁሉ አልተሠራም ማለት አይደለም፤ አንባቢው ግን ምኑን ይዞ ይመን?

ሁሉንም ከሀ ጀምሬ ደገምኩ። ሁለት ወር በላኝ። እናንተ «ተሟልቷል» ከማለታችሁ በፊት ዐረፍተ ነገሩን ቃል በቃል ሰንጠረዡ ላይ ገልብጡ። የሚገለበጥ ከሌለ ምልክት አታድርጉ።

ድምር ውጤት ስጡ ቢሏችሁም አትስጡ። የኮንሰርት አዘጋጆች ራሳቸው ለነጥብ መደመሪያ አላሰቡትም። ነጥብ 9ን የዘለለ ጽሑፍ በርእሱና በመግቢያው ነጥብ ሰብስቦ ከደህናው እኩል ይቆማል። ይህን ለክፍሉ ተናግሬ «መመሪያው ነው» ተባልኩ። ለመመረቅ ቸኩዬ ድምሩን አስገባሁ። ጽሑፌ ውስጥ እስካሁን አለ፤ ባየሁት ቁጥር ይቆጨኛል።