የመስቀል አደባባይ ደመራ፣ ከሜሪላንድ ሳሎን

ዘንድሮ መስከረም 16 ቅዳሜ በመዋሉ ሥራ አልገባሁም። የመስቀል አደባባዩን ደመራ ከሜሪላንድ ሆኜ በዩቲዩብ በቀጥታ ስከታተል አረፈድኩ። አዲስ አበባ በሰባት ሰዓት ስለምትቀድመን፣ እዚያ አመሻሽ ላይ የሚከበረው በዓል እዚህ ለቁርስ ይደርሳል።

እናቴ አዲስ አበባ በሳተላይት ዲሽ፣ እኔ በኢንተርኔት እያየን በስልክ እናወራ ነበር። የኢንተርኔቱ ምስል ወደ ኋላ ይቀራል። በእኔ ቴሌቪዥን አባቶች ገና ደመራውን ሲዞሩ እማዬ «ተለኮሰ እኮ! እልል በይ እንጂ!» አለችኝ። ምስሉን ሳልጠብቅ እልል አልኩ። እዚህ የተወለደችው ልጄ ደንግጣ አየችኝና ተከተለችኝ።

ከሁሉም በላይ ልቤን የነኩት የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ናቸው። ካሜራው አንዲት ትንሽ ዘማሪት ላይ ቆየት አለ፤ ላቧ በግንባሯ እየወረደ ሽብሸባዋን ለአፍታ አላቋረጠችም። ልጄ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግታ «ስንት ዓመቷ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኩያዋ ሳትሆን አትቀርም።

ጋዜጠኞቹ በዝማሬው ላይ ባያወሩ ምንኛ በወደድኩ! በዓሉ በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ መመዝገቡ ያኮራናል፣ ደግመው ቢነግሩንም አንጠላም። በባዕድ አገር ላለን ሰዎች የጠማን ግን የከበሮው ድምፅ ነው። ለጥቂት ደቂቃ ዝም ብለው ቢያሰሙን ትልቅ ውለታ ነው።

እስከ ጥምቀት አሜሪካ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትመልስ ልዩነቱ ስምንት ሰዓት ይሆናል፤ ስለዚህ የጃን ሜዳው የንጋት ሥርዓት እዚህ የዋዜማው ምሽት ላይ ይውላል። ልጄ አምሽታ እንድታይ ከአሁኑ ፈቅጄላታለሁ።

እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ በሰላም አደረሳችሁ!