ሁለት ጊዜ የፈረምኩበት ባትሪ

በአንድ የልማት ፕሮጀክት መሥሪያ ቤት የስምሪትና የተሽከርካሪ ጥገና ኃላፊ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት በእጄ ካለፉት የጥገና መጠየቂያ ቅጾች ሁሉ አንዱን እስካሁን አልረሳውም፤ ቅጹ ላይ ትክክለኛው ምርመራ ተጽፎ ሳለ ግማሹን ብቻ አንብቤ የፈረምኩት እኔ ራሴ ነኝና። ጽሑፉ አጭር ነበር፦ «የባትሪ ምልክት አልፎ አልፎ ቦግ ይላል። ጠዋት ሲነሣ ያፏጫል።» የጻፉት ከሁላችንም ቀድመው የተቀጠሩ፣ የመሥሪያ ቤቱ ትልቅ ትንሽ «ጋሼ» እያለ የሚጠራቸው ሾፌር ነበሩ።

መኪናው የናፍጣ ሞተር ያለው አሮጌ ደብል ጋቢና ሂሉክስ ነው። ቅጹ ጠረጴዛዬ ላይ ሲቀመጥ ዓይኔ «ባትሪ» በሚለው ቃል ላይ ዐረፈ፤ ባትሪው ከተገዛ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል፣ ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራው ሥዕልም የባትሪ ሥዕል ነው፣ ስለዚህ «ባትሪ ይቀየር» ብዬ ፈረምኩ። ባትሪው ተቀየረ፤ የወረደውም ዕቃ ግምጃ ቤት ገባ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ በዚያው በጋሼ የእጅ ጽሑፍ ያንኑ የሚል ሁለተኛ ቅጽ መጣ፤ ፉጨቱም አልቀረም። እኔ ግን አዲሱ ባትሪ የተበላሸ ዕቃ ነው ብዬ ከሻጩ ጋር ግማሽ ቀን ስከራከር ውዬ በሌላ አስለወጥኩትና ሁለተኛውን ቅጽ እንደ መጀመሪያው ፈርሜ ዘጋሁት። ስለ ፉጨቱ ጋሼን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኋቸውም። መኪና የሚያፏጨው ስላረጀ ነው የሚል ስንፍና የተሞላበት እምነት ነበረኝ ማለት ይቻላል።

ወደ ደብረ ማርቆስ የሄድነው ሁለተኛው ባትሪ በተገጠመ በወሩ ገደማ ነው። ለአንድ የንብረት ቆጠራ ሥራ እኔም አብሬ ተሳፍሬ ነበር። ከአዲስ አበባ በጠዋት ተነሥተን፣ ፍቼንና ገብረ ጉራቻን አልፈን፣ ጎሃ ጽዮን ላይ ቡና ጠጥተን የዓባይን በረሃ ቁልቁለት ጀመርን። መንገዱን የሚያውቅ ሰው እንደሚያስታውሰው ከጎሃ ጽዮን እስከ ወንዙ የሚወርደው አስፋልት መሬቱ እየተንሸራተተ የሚያጣጥፈው፣ ከባድ መኪኖች በኤሊ እርምጃ የሚሄዱበት፣ ኩርባውም ማለቂያ የሌለው የሚመስል ነው፤ ከወንዙ ማዶ ደግሞ የዚያኑ ያህል ዳገት እስከ ደጀን ይጠብቃል። ጥቂት ኩርባዎች እንዳለፍን ከኮፈኑ ሥር «ጧ» የሚል አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ወዲያው ጨርቅ በብረት ላይ ሲገረፍ የሚመስል ነገር ተከተለና ጸጥ አለ። የባትሪው ምልክት በራ።

«ይኸውልህ ልጄ፣ አሁን ቦግ ብሎ አልጠፋም፤ በርቶ ቀረ» አሉ ጋሼ።

«ባትሪው አዲስ ነው ጋሼ፤ አያስቆመንም። ደጀን ደርሰን እናሳየዋለን» አልኳቸው።

ዛሬ ሳስበው ከዚህ የበለጠ አደገኛ ዓረፍተ ነገር በሥራ ላይ ተናግሬ አላውቅም። ሞተሩ ያለ አንዳች መንተፋተፍ መሥራቱን መቀጠሉም አታሎኛል። የድሮ የናፍጣ ሞተር ነዳጁን በመካኒካል ፖምፓ የሚረጭ፣ እንደ ቤንዚን ሞተር የካንዴላ ብልጭታ የማያስፈልገው ስለሆነ የመኪናውን ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ዲናሞ ሥራ ቢያቆምም ባትሪው ውስጥ ባለው ጥቂት ኃይል ብዙ መንገድ ይሄዳል፤ ስለዚህ የሞተሩ ደህና መሆን ምንም አላረጋገጠልኝም። ጋሼ አልተከራከሩኝም። ማርሹን ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ አወረዱና ዝም አሉ።

ሁለት ኩርባ ሳንጨርስ የፍሬኑ ቀይ መብራት ተጨመረ። ጋሼ እግራቸውን ፔዳሉ ላይ ሲያሳርፉ ጉልበታቸው ሲወጠር ከጎን አየሁት። «ፍሬኑ እንጨት ሆነብኝ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን አልተለወጠም። መኪናውን በሁለተኛ ማርሽ እንደያዙት፣ የእጅ ፍሬኑን ጥቂት በጥቂት እየሳቡ፣ በገደሉ ሳይሆን በተራራው በኩል ወዳለች ሰፋ ያለች የመንገድ ዳር አስጠጉትና መሪውን ወደ ግንቡ መልሰው አቆሙ። እኔ ወርጄ ከጎማው ሥር ድንጋይ ሳስገባ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ኮፈኑ ሲነሣ ሁሉም ነገር በአንድ እይታ ተገለጠ። ሞተሩ እየሠራ ማራገቢያው ቆሟል። የቺንጋው፣ ማለትም የሞተሩ የጎማ ቀበቶ፣ ብጥስጣሽ በማራገቢያው አንገት ላይ እንደ ጥቁር ሪባን ተጠቅልሏል፤ የተረፈው ቁራጭ ደግሞ ጎንና ጎኑ እንደ መስተዋት ያንጸባርቃል። ጋሼ ሞተሩን አጠፉና ቁራጩን አንሥተው በአውራ ጣታቸው እያሻሹ አሳዩኝ። ጤነኛ ቺንጋ ጎኑ ሻካራና ደብዛዛ ነው፤ እንዲህ የሚያብረቀርቀው ላልቶ በመዘውሩ ላይ ሲንሸራተት የኖረ ቺንጋ ነው። ሲንሸራተት ያፏጫል፤ በተለይ ጠዋት፣ ሞተሩ ባስነሣ ጊዜ ያጎደለውን ኃይል ዲናሞው ወደ ባትሪው ለመመለስ ጭነት ሲያበዛ። ሲንሸራተት ዲናሞው በሚገባው ፍጥነት አይዞርም፤ ምልክቱ ቦግ የሚለውም ያን ጊዜ ነው። ፉጨቱና መብራቱ ሁለት ብልሽት አልነበሩም። አንድ ብልሽት በሁለት አፍ ሲናገር ነበር፤ እኔ አንዱን ብቻ ሰማሁ።

ጋሼ በዚያ ጥላ በሌለው ጥግ የነገሩኝን ከዚያ በኋላ ለብዙ ሾፌሮች ደግሜዋለሁ። «ይህ ሥዕል ባትሪው ሞተ አይልም። ባትሪው እየተመገበ አይደለም ነው የሚለው።» የሚመግበው ዲናሞው ነው፤ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋው ነው፤ በዚህ ሞተር ላይ ያው ቺንጋ ማራገቢያውንና የውሃ ፓምፑንም ያዞራል። ከሁሉ የከፋው ግን የፍሬኑን ፔዳል የሚያቀልለው አየር መሳቢያ፣ ማለትም የቫኪዩም ፓምፑ፣ ከዲናሞው ጀርባ ተገጥሞ አብሮት የሚዞር መሆኑ ነው። ቺንጋው ሲበጠስ ፍሬኑ ጨርሶ አይጠፋም፤ ተጠራቅሞ የቆየው ቫኪዩም አንድ ሁለት ጊዜ ያስረግጣል፣ ከዚያ በኋላ ግን ሰው በእግሩ ጉልበት ብቻ ያን ሁሉ ብረት ቁልቁል መያዝ ይኖርበታል። የባትሪ ሥዕል ነው ብዬ የናቅኩት መብራት ስለ ፍሬን ሊያስጠነቅቀኝ እንደሚችል በሕልሜም አልታሰበኝም ነበር።

የሙቀት መለኪያው ቀስት ከመካከል ጥቂት ከፍ ብሎ ነበር። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ብዙ ስለማይደክም ነው እንጂ የውሃ ፓምፑ ቆሞ የደጀንን ዳገት ብንጀምረው ኖሮ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ቴስታታው ሳይጣመም፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ጓርኒሲዮኑ ሳይቃጠል አንወጣም ነበር። አንድ ነገር ልሥራ ብዬ ወደ ራዲያተሩ ክዳን እጄን ስሰድ ጋሼ እጄን መቱኝ። ጎሃ ጽዮን ባለችበት 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይፈላል፤ ራዲያተር ውስጥ ግን ክዳኑ ግፊቱን ይዞ ስለሚያፍነው ከ110 ዲግሪ በላይ ሞቆም ላይፈላ ይችላል። ክዳኑ በተከፈተባት ቅጽበት ግፊቱ ይለቀቅና ውሃው በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ፊት ላይ ይፈነዳል። በገጠር መንገድ ላይ ፊታቸውና ክንዳቸው የተጠበሰ ረዳቶችን ማየት አዲስ ነገር አይደለም። የላይኛው ጎማ ቱቦ በእጅ ሲጨበጥ የማይፋጅ፣ ሲጫኑትም የሚልመሰመስ እስኪሆን መጠበቅ ግድ ነው፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም ቴስታታውን ይሰነጥቀዋል።

እዚያ ስንጠብቅ ጋሼ ስለ አንድ የቀድሞ ባልደረባቸው አጫወቱኝ። የሰውዬው መኪና ዳገት ላይ ጋለ፤ ቀስቱ ቀዩን ነካ፤ ከዚያ በድንገት ወደ ታች ወረደ። ሰውየው «ተመስገን፣ ቀዘቀዘ» ብሎ ቀጠለ። ቀስቱ የወረደው ግን ውሃው አልቆ መለኪያው ባዶ ቦታ ላይ ስለቀረ ነበር፤ ሙቀቱን የሚነግረው ውሃ አልነበረም። ሞተሩ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነከሰ፤ ተጣብቆ ቆመ። ከመኪና ምልክት ሁሉ እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ይኸኛው ነው፤ መልካም ዜና መስሎ ይመጣልና።

ቺንጋውን ፍለጋ ወደ ጎሃ ጽዮን ልመለስ ስነሣ ጋሼ አቆሙኝ። የቺንጋው ቁጥር ተፍቆ ጠፍቷል፤ ብጥስጣሹን ይዤ ብሄድ ሻጩ በግምት ነው የሚሰጠኝ። ከመኪናው ሲባጎ አወጡ፤ የዲናሞውን ብሎን አላልተው ዲናሞውን ወደ ሞተሩ ገፉት፤ ሲባጎውን በመዘውሮቹ ሁሉ ዙሪያ አሳልፈው ጫፍና ጫፉን አገናኙና ቋጠሩት። ከቋጠሮው አለፍ ብለው በኪስ ቢላቸው ቆረጡ። እኔ በአንድ ጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍሬ፣ ሲባጎውን በኪሴ፣ የስፋቱን ናሙና በእጄ ይዤ ወጣሁ። ሻጩ ሲባጎውን ከግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት ቺንጋዎች ጋር እያስተያየ ሁለት አቀረበልኝ፤ ሁለቱንም ገዛሁ። አንደኛው ልክ ገባ። ጋሼ ዲናሞውን በጎማ መፍቻው እጀታ ወደ ውጭ ወጥረው ብሎኑን አጠበቁና አውራ ጣቴን ወስደው በረጅሙ የቺንጋው ገመድ መካከል አስጫኑኝ። አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብሎ መለሰ። «ይህን ያህል። ከዚህ ከላላ ያፏጫል፤ ከዚህ ከጠበቀ የዲናሞውንና የፓምፑን ኩሽኔታ ይበላል» አሉ። ሞተሩ ሲነሣ መብራቶቹ ሁሉ ጠፉ፤ ፉጨትም አልነበረም።

ከደብረ ማርቆስ እንደተመለስን ቅጹን ቀየርኩት። «የሚቀየር ዕቃ» የሚለውን አምድ ሰርዤ በቦታው ሾፌሩ ያየውን፣ የሰማውንና ያሸተተውን ብቻ የሚጽፍበት አምድ አስገባሁ፦ የመብራቱ ቀለም ምንድን ነው፣ በርቶ ይቀራል ወይስ ቦግ እልም ይላል፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው ሲሞቅ፣ ዳገት ላይ ነው ኩርባ ላይ። መሥሪያ ቤቱ ርካሽ መልቲሜትርም ገዛልኝ። የባትሪ ምልክት በርቷል የተባለ መኪና ሲመጣ መጀመሪያ ሞተሩን አጥፍቼ ባትሪውን እለካለሁ፤ ጤነኛና የተሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ከዚያ አስነሥቼ እለካለሁ፤ ቁጥሩ ወደ 14 ካልወጣ ጥፋቱ በቺንጋው፣ በዲናሞው ወይም በሽቦው ነው፤ ባትሪ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። ይህ ሁሉ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ በኋላ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች እንኳ ከትልቁ ባትሪያቸው ሌላ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ ስላላቸውና ያቺም ስለምትመገብ፣ ያው ሥዕል እነሱም ላይ ያው ጥያቄ ያስነሣል፦ ሞታ ነው ወይስ ተርባ?

አዲሱ አምድ በመጀመሪያው ወር ውስጥ ሌላ ሞተር አድኖልናል። አንዲት ሾፌር ስለ አንድ የቤንዚን አውቶሞቢል «የዘይት መብራት አደባባይ ስዞር ብቻ ብልጭ ይላል» ብላ ጻፈች። በቀድሞው ቅጽ «የዘይት መብራት ይበራል» ብቻ ይባል ነበር፤ እኔም ባለኝ ልምድ ወይ የመብራቱን ሴንሰር አስቀይር ወይ ዝም እል ነበር። «አደባባይ ስዞር» የሚለው ቃል ግን ራሱ መልስ ነው፤ ዘይቱ በጣም ስላነሰ መኪናው ሲያዘም ወደ አንድ ጎን ይሸሽና መሳቢያው አየር ይስባል። ያ ቀይ መብራት የሚለካው ግፊትን እንጂ መጠንን ስላልሆነ፣ በርቶ በሚቀርበት ሰዓት ሞተሩ ያለ ዘይት እየተፋጨ ነው፤ ያን ጊዜ «ጋራዥ እስክደርስ» የሚባል ነገር የለም፣ እዚያው ማጥፋት ነው። በዘይት መለኪያው ዘንግ ስናየው ዘይቱ ጫፉን እንኳ አልነካም። ሁለት ሊትር ተኩል ጨምረን፣ የሚያፈሰውን ጓርኒሲዮን አስቀይረን ጨረስን።

በመጀመሪያው ቅጽ ሞቷል ብዬ ያስወረድኩትን ባትሪ አንድ ቀን በአዲሱ መልቲሜትር ለካሁት። ቻርጅ ተደርጎ ካደረ በኋላ 12.6 አሳየ። የግቢው ጄኔሬተር ላይ አስገጠምነው፤ እኔ ከዚያ መሥሪያ ቤት እስክለቅ ድረስ፣ ሁለት ዓመት ከምናምን፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተሩን በአንድ ጊዜ ያስነሣው ነበር።